ፊልሙ የቆረጠውንም አሳዩ፦ ለጎጃም የወጣት ማዕከላትና የትምህርት ቤት ክበባት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጎጃም ለሚገኙ የወጣት ማዕከላት ኃላፊዎች፣ ለከተማና ለወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያና የአይሲቲ ክበባት አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም ለፊልም ማሳያ ቤቶች፤

የከበረ ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞቻችን ወጣቱ ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያ መሥራቾች የሚያውቀው በአብዛኛው ከፊልም ነው። ፊልሙ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፣ በክረምትም በአዳራሽ ይታያል። ሲያልቅ ተመልካቹ ጋ የሚቀረው አንድ ሐሳብ ነው፦ ብልህና ብቸኛ የሆነ አንድ ወጣት ለአንድ ሌሊት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ዓለምን ለወጠ፣ ከበረ፣ ጓደኞቹንም አጣ። እኛ ሶፍትዌር በመሥራትና በማስተማር፣ ፊልምም ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች ነን። ይህ ሐሳብ ልጆቻችንን ሁለት ጊዜ ይጎዳቸዋል ብለን እናምናለን። መሥራች መሆን የሚፈልገውን ሥራው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያስገባዋል፤ ተጠቃሚ ብቻ የሆነውን ደግሞ በየቀኑ እጁ ላይ ያለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ ያስቀረዋል። ስለዚህ ፊልሞቹን ማሳየታችሁን ቀጥሉ፣ የተቆረጠውን ግን ጨምሩበት። እንዴት እንደሚጨመር ከዚህ በታች ጽፈናል። ዓመቶቹም ወሮቹም የእኛ ናቸው ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2010 የወጣው፣ ዴቪድ ፊንቸር ያዘጋጀውና አሮን ሶርኪን የጻፈው፣ ስለ ፌስቡክ አነሣስ የሚተርከው «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» በፊልምነቱ እጅግ የተዋጣለት ሥራ ነው። በጽሑፉ፣ በሙዚቃውና በኤዲቲንጉ ሦስት ኦስካር አግኝቷል። ታሪኩ የሚነሣው ዋናው ገጸ ባሕርይ ከፍቅረኛው ሲለያይ ነው። ተቆጥቶ ወደ ማደሪያው ይሮጣል፣ ኮድ ይጽፋል፣ ሁሉም ነገር ከዚያ ንዴት የተወለደ ይመስላል። ያች ፍቅረኛ ግን ለፊልሙ የተፈጠረች ናት። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ኋላ ያገባትን ፕሪሲላ ቻንን የተዋወቃት ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ2003 ነው። ይህን ለተመልካቹ ፊልሙ ሳይጀመር ንገሩት። የቁም ሰው ስም የያዘ ፊልም ሁሉ የተመዘገበ ታሪክ እንዳልሆነ ከመነሻው ቢያውቅ ቀሪውን በነቃ ዓይን ያየዋል።

ፊልሙን ሦስት ቦታ ላይ አቁሙት። የመጀመሪያው ፌስማሽ የተባለው የተማሪዎችን ፎቶ የሚያወዳድር ድረ ገጽ የተሠራበት ሌሊት ነው። በጥቅምት 2003 የሆነው ይህ ነገር እውነት ነው። ትዕይንቱም የኮምፒዩተር ቃላት በትክክል ከተነገሩባቸው ጥቂት የፊልም ትዕይንቶች አንዱ ነው። ገጸ ባሕርዩ የየማደሪያውን የተማሪዎች ፎቶ ዝርዝር አንድ በአንድ ይከፍታል። አንዱ ክፍት ነው፣ ሌላው በፍለጋ ካልሆነ አይሰጥም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተለየ አጭር ኮድ ይጽፋል። ሥራው በእርግጥም እንዲህ ነው፤ አድካሚና ዝርዝር የበዛበት። ከዚያ ጓደኛው መስኮት ላይ አንድ ቀመር ይጽፍለታል። ቀመሩ አርፓድ ኤሎ የቼዝ ተጫዋቾችን ደረጃ ለማውጣት የሠራው ነው። በመስኮቱ ላይ ግን ከፍ ብሎ መጻፍ የነበረበት ክፍል ከመስመሩ እኩል ስለተጻፈ እንዳለ የገለበጠ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ያገኛል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። የሁለቱን ተወዳዳሪዎች የነጥብ ልዩነት ለ400 አካፍሉ፤ 10ን በዚያ ውጤት ኃይል ከፍ አድርጉ፤ 1 ደምሩበት፤ በመጨረሻ 1ን ለድምሩ አካፍሉ። የሚገኘው ዝቅተኛ ነጥብ ያለው የማሸነፍ ዕድል ነው። ሁለቱም 1400 ከሆኑ ዕድላቸው እኩል፣ 0.5 ነው። አንዱ 1800፣ ሌላው 1400 ከሆነ ልዩነቱ 400 ስለሚሆን የዝቅተኛው ዕድል 1 ለ11 ሲካፈል፣ ማለትም 0.09 ገደማ ይሆናል። የነጥብ ማስተካከያው፣ ማለትም በአንድ ውድድር ሊጨመር የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ፣ 32 ቢሆን ሳይጠበቅ ያሸነፈው ዝቅተኛ 29 ነጥብ ያህል ያገኛል። የተጠበቀው ከፍተኛ ቢያሸንፍ ግን የሚጨመርለት 3 ያህል ብቻ ነው። የአይሲቲ ክበብ ይህን በኤክሴል በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል። የሚወዳደረው ግን የክበቡ ግጥም ወይም ፖስተር ይሁን፤ ሰው አይሁን። ፌስማሽ ያወዳደረው የሴት ተማሪዎችን ፊት ነበርና። የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጋዜጣ እንደዘገበው 450 ሰዎች ቢያንስ 22,000 ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። ፎቶዎቹ የተወሰዱት ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም የደኅንነት ጥሰት፣ የቅጂ መብትና የግል ሕይወት ክስ አቅርቦበታል። ፊልሙ ይህን እንደ ብልጠት በፈጣን ሙዚቃ ያሳልፈዋል። ቆም ብላችሁ የማናቸው ፎቶ እንደሆነ፣ ማንስ እንደፈቀደ ጠይቁ። በተለይ ሴት ተማሪዎች መጀመሪያ እንዲናገሩ ዕድል ስጡ።

ሁለተኛው ማቆሚያ ገንዘቡን ያወጣው የማርክ ጓደኛ ኤድዋርዶ የባንክ ሒሳቡን ሲያግድና ማርክ ሰርቨሮቹ ሊቆሙ ነበር ብሎ ሲቆጣ ነው። ተመልካች የሁለት ጓደኛሞች ጠብ አድርጎ ያየዋል። በኛ ዓይን ግን በፊልሙ ውስጥ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አነሣስ እውነቱ በጣም የተቀረበበት ቦታ ይህ ነው። ከፌስቡክ በፊት በ2003 ሥራ የጀመረው ፍሬንድስተር ሐሳቡ ያው ነበር። ሚሊዮኖች ሲገቡበት ግን የጓደኛን ጓደኛ ግንኙነት ማስላት ሸክም ሆነበትና ገጹ ለመከፈት ይንቀራፈፍ ጀመር፤ ተጠቃሚውም ትቶት ሄደ። ፌስቡክ የካቲት 4 ቀን 2004 ሲከፈት ለሃርቫርድ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ኮሎምቢያ፣ ስታንፎርድና ዬል ተጨመሩ። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል የሌለው አይገባም ነበር፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤትም የራሱ ዳታቤዝ ነበረው። ስለዚህ ጫናው በአንድ ጊዜ አይመጣም፣ አንዱ ሰርቨር ሲሞላ ለሚቀጥለው ትምህርት ቤት ሌላ ይጨመራል። አንድ ሚሊዮን ተጠቃሚ የደረሱት በ2004 መጨረሻ ነው። ድል ያደረገው ይህ ደረጃ በደረጃ የመክፈት ሥርዓት ነው። በካሜራ ፊት ስለማያምር ግን ፊልም አይሆንም።

መሥራቾቹም አምስት ነበሩ፦ ዙከርበርግ፣ ኤድዋርዶ ሳቨሪን፣ ደስቲን ሞስኮቪትዝ፣ ክሪስ ሂውዝና አንድሩ ማኮለም። የኋለኞቹ ሦስቱ በፊልሙ እምብዛም ቦታ የላቸውም። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ አንድ መምህር ሲጠራ ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተማረ ሐረጉ አብሮ ይቆጠራል። የመሥራች ፊልም ደግሞ ሐረጉን ቆርጦ አንዱን ብቻ ያስቀራል። ስለ አፕል ኩባንያ መሥራች በ2015 የወጣውና ያው ሶርኪን የጻፈው «ስቲቭ ጆብስ» ይህን ይበልጥ አጥብቆታል። የአሥራ አራት ዓመት ሕይወት በ1984፣ በ1988ና በ1998 ሦስት የምርት ማስተዋወቂያዎች ከመጀመራቸው በፊት ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ይታጨቃል፤ ወዳጅም ልጅም ባልደረባም መጥቶ የሚጣላው መድረኩ ሊከፈት ሲል ነው። አዘጋጁ ዳኒ ቦይል ሦስቱን ዘመናት በ16 ሚሊሜትር፣ በ35 ሚሊሜትርና በዲጂታል መቅረጹ ለፊልም ክበብ ጥሩ ትምህርት ነው። ለኮምፒዩተር ክበብ ግን አፕል ሁለት የተባለውን ኮምፒዩተር ሰሌዳ ስቲቭ ዎዝኒያክ እንደነደፈው፣ የማኪንቶሽን ምልክቶችም ሱዛን ኬር ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እንደሣለቻቸው መንገር የበለጠ ይጠቅማል። ካሬ ወረቀት በየሱቁ አለ፤ 32 በ32 ካሬ አስምረው ራሳቸው ይሞክሩት።

ሦስተኛው ማቆሚያ የፊርማው ትዕይንት ነው። ኤድዋርዶ የቀረበለትን ሰነድ ይፈርማል፤ የኩባንያውን ጠበቆች የራሱ ጠበቆች አድርጎ ቆጥሯቸዋል። በፊልሙ 34 በመቶ የነበረው ድርሻ 0.03 በመቶ ይሆናል። ተመልካች ክህደቱን ያያል፣ ስሌቱን ግን አይረዳውም። ስሌቱ ቀላል ነው። በደብረ ማርቆስ ጓደኛሞች 1,000 አክሲዮን ያለው ኩባንያ መሠረቱ እንበል፤ አንዱ 300 አለው፣ 30 በመቶ ማለት ነው። ኩባንያው 9,000 አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ለሌሎች ብቻ ቢሰጥ ድምሩ 10,000 ይሆናል። የጓደኛችን 300 ያው 300 ነው፤ ማንም አልነካበትም፤ ድርሻው ግን 3 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ «ስንት አክሲዮን አለኝ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ከፊርማው በኋላ ጠቅላላው ስንት ይሆናል? አዲስ ሲወጣ ነባሮቹ በድርሻቸው ልክ ቀድመው የመግዛት መብታቸው በጽሑፍ ሰፍሯል? ይህን ሰነድ ያዘጋጀው ጠበቃ የሚከፈለው በማን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ሳይመለሱ በእምነት ብቻ የተጀመረ የጓደኛሞች ድርጅት ገንዘብ ሲመጣ ይፈርሳል፤ ለዚህ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። በእውነተኛው ታሪክ ሳቨሪን ከሶ በስምምነት ስሙ በመሥራችነት ተመልሷል፣ ቢሊየነርም ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ይህ ፊልም የሚያልቀው ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያ የምንለው ነገር ከመጀመሩ በፊት ነው። የተጠቃሚውን ዜና በተርታ የሚያቀርበው ኒውስ ፊድ የመጣው በመስከረም 2006 ነው። ሥራውን ከመሩት አንዷ ሩቺ ሳንግቪ፣ በኩባንያው የመጀመሪያዋ ሴት ኢንጂነር ነች። በዚያው ወር መጨረሻ 13 ዓመት ለሞላው ሁሉ ተከፈተ። የላይክ ቁልፍ የመጣው በየካቲት 2009 ነው። በ2017 ደግሞ የስሜት ምልክቶች ከላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ተሰጣቸው። ይህ በ2021 ከኩባንያው በወጡ ሰነዶች ታውቋል። 100 ላይክ ያገኘ ጽሑፍ 100 ነጥብ ሲኖረው 100 የቁጣ ምልክት ያገኘው 500 ይኖረዋል ማለት ነው፤ ነጥቡ የበዛው ብዙ ሰው ፊት ይቀርባል። የቁጣው ክብደት ዜሮ የሆነው በ2020 ነው። በዚህ መካከል ያሉት ዓመታት በአገራችን ምን ዓመታት እንደነበሩ ለጎጃም ሰው አይነገርም።

በጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ፕሮፌሰር እመኖሪያ ቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ገጾች ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ማመልከቱን ገልጾ በ2022 መጨረሻ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ምክር ቤት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ የደኅንነት ሥርዓቱ የሚያገለግለው ከቋንቋዎቿ ሁለቱን ብቻ እንደሆነ ተናግራለች። የመሥራቹን ፊልም ባሕር ዳር ውስጥ ለሚያይ ወጣት የታሪኩ ማብቂያ የሙግት ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠው ባለሀብት ሊሆን አይገባም። እዚህ የደረሰውም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው። ስለ ሟቹ በአዳራሽ ስትናገሩ ብሔር ለብሔር ሳታነጻጽሩ፣ በአክብሮትና በኀዘን ይሁን።

አማርኛን በማሽን መቆጣጠር ለምን እንደሚያስቸግርም ለኮምፒዩተር ክበብ የሚሆን የተግባር ትምህርት ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ብንወስድ ሁለት ጸ እና ሦስት ሐ ስላለን ብቻ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር የያዘ ማጣሪያ አንዱን አጻጻፍ ይዞ አምስቱን ያሳልፋል። በዚያ ላይ ግሡ በእርባታ ይለዋወጣል፣ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ ይጣበቅበታል፣ ሌላው ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፋል። መጀመሪያ የሚሠራው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። የሰባቱን ቤቶች መተኪያ ጽፎ መጨረስ ለአንድ ክበብ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ይህን የሠራ ተማሪ ቴክኖሎጂ በአንድ ሌሊት ንዴት እንደማይሠራ ከሰው ሳይነገረው ይረዳል።

በ2020 የወጣውን ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም «ዘ ሶሻል ዲሌማ» ማሳየት የምትፈልጉ ትኖራላችሁ፤ መልካም ነው። ለተጠቃሚው የሚታየውን የሚመርጠውን ስሌት፣ አልጎሪዝሙን፣ ግን በፊልሙ ያለውን ልጅ እያዩ መቆጣጠሪያ በሚነካኩ ሦስት ሰዎች መስሎ ያቀርበዋል። ልጆች አንድ ሰው በስልካቸው ውስጥ የሚያያቸው እንዳይመስላቸው አስረዱ። ሥራው የግምት ስሌት ነው፤ ምን ስትከፍት ምን ያህል ቆየህ፣ አንተን የሚመስሉ ሰዎችስ ቀጥሎ ምን ከፈቱ የሚል።

ከውይይቱ በኋላ አንድ ነገር በስልክ ላይ አሳዩ። ሰውን ለጥቃት የሚያጋልጥ ልጥፍ ሲታይ በመጀመሪያ ሊንኩን መገልበጥ፣ ቀጥሎ ቀኑና የገጹ ስም የሚታይበት ስክሪንሾት ማንሣት፣ ከዚያ በሦስቱ ነጥቦች ገብቶ ሪፖርት ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ልጥፉ ከተሰረዘ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ለማውገዝ ብሎ ኮመንት መጻፍና ሼር ማድረግ ግን ልጥፉን ወደ ብዙ ሰው ይገፋዋል፤ ማሽኑ ውግዘትን ከድጋፍ አይለይም።

ስለ ትርጉሙ። በተራኪ ድምፅ የሚቀርበው ትርጉም ፊልም ለድብድብ ፊልም ይበቃል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። የፊልም ጽሑፍ በልማድ አንድ ገጽ ለአንድ ደቂቃ ይሰላል። የ«ዘ ሶሻል ኔትወርክ» ጽሑፍ 162 ገጽ ሲሆን ፊልሙ 120 ደቂቃ ነው። ሰዎቹ እየተናጠቁ ስለሚናገሩ ተራኪው ግማሹን ይውጠዋል። ከዚህም በላይ ታሪኩ በተማሪ ቤቱና በሁለት የምስክርነት ክፍሎች መካከል ይመላለሳል። በአንደኛው ክፍል ከማርክ ፊት የተቀመጡት ሐሳባችንን ወሰደብን ብለው የከሰሱት መንታ ወንድማማቾች ናቸው፣ በሌላኛው ኤድዋርዶ ነው። ይህን ያልለየ ተመልካች ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ተራኪ ካላችሁ በየዝላዩ የክፍሉን ስም ይጥራ።

ሰብታይትል የሚሻለው ለዚህ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር፣ በአንድ መስመርም ከአምስት ቃል አይብለጥ፤ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይቆይ። ፋይሉ ሲቀመጥ የፊደል ኮዱ (ኢንኮዲንጉ) ዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ በአንሲ ከተቀመጠ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ መልሶም አይገኝም። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ግን ፋይሉ ደህና ነው። የጎደለው ፎንት ስለሆነ በቪኤልሲ የፊልም ማጫወቻ የሰብታይትል ማስተካከያ ውስጥ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ምረጡ። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ቀስ በቀስ የሚርቅ ከሆነ ደግሞ ፊልሙና ጽሑፉ አንዱ በሰከንድ ለ23.976፣ ሌላው ለ25 ፍሬም (ምስል) የተሠራ ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ያህል ይደርሳል። ይህን በጂና በኤች ቁልፍ እየገፉ መጨረስ አይቻልም፤ ፋይሉ ራሱ በሰብታይትል ማረሚያ ሶፍትዌር ይለወጥ። ሁለቱ ቁልፎች የሚጠቅሙት ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

መብራት በድንገት ሲሄድ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ አብሮ ስለሚቆም የጋለው አምፖል ይጎዳል። ጄኔሬተር ቢኖራችሁም በመካከል ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ) አድርጉ። ፊልሙን እንዲያስጨርስ አትጠብቁበት፤ ፕሮጀክተሩን በሥርዓት አጥፍቶ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ደቂቃ ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል።

በመጨረሻ ሕጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ፊልምን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ የሚጠይቅ እንደሆነ ይደነግጋል። ከፍላሽ የተገለበጠን ፊልም በመግቢያ ክፍያ ማሳየት ትክክል አይደለም፤ ስለ ፈጠራና ስለ ባለቤትነት በሚወያይ መድረክ ደግሞ ይበልጥ ነውር ነው። ለትምህርት ተብሎ ስለሚወሰድ አጭር ክፍል አዋጁ ልዩ ሁኔታዎች ስላሉት የዞኑን የፍትሕ ባለሙያ አማክሩ። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት ትዕይንቶች እያንዳንዳቸው ከአሥር ደቂቃ አይበልጡም፤ ሙሉው ፊልም ባይታይም ከነውይይታቸው አንድ ከሰዓት ይሞላሉ። ለመጪው ክረምት አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና አንድ ቅዳሜ ለሚመድብ ማዕከል ሁሉ የሦስቱን ትዕይንቶች የአማርኛ ሰብታይትል፣ የኤሎውን የኤክሴል ሠንጠረዥና የሆሄያቱን መተኪያ ዝርዝር ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን። የጽሕፈት ቤቶቹ ድርሻ ፈቃዱን ማስጨረስና የውይይት መሪዎችን፣ ቢያንስ ግማሾቹን ሴቶች አድርጎ፣ ከሰኔ በፊት መመደብ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎጃም የምንገኝ የሶፍትዌርና የፊልም ትርጉም ባለሙያዎች